ስለ አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አፈታትና በጤና ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት

የተበላሸ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ከቤት ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አላለቀም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዕቃውን ቆራሌው ገዝቶ ይሄዳል፤ ጠጋኙ የሚጠቅመውን ይነቅላል፤ የቀረው ለብረት ነጋዴ ይሸጣል፤ ወደ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራም ይደርሳል። ይህ ሥራ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው፤ መዳብና ብረትም በከንቱ እንዳይጣል ያደርጋል። የሚገባው አሠራሩን መመዘን ነው።

ለመመዘንም ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አሠራሩ ምን ያህል ዕቃ ያድናል? ወደ አየር፣ ወደ ውሃና ወደ አፈር ምን ይለቃል? የማይፈለገው ትርፍስ መጨረሻው የት ነው?

፩ኛ/ ማቃጠል። ሽቦን አቃጥሎ መዳቡን ማውጣት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በብዙ ሽቦ ላስቲክ ውስጥ ክሎሪን አለ። ይህ በሜዳ እሳት ሲጨስ፣ መዳቡ ራሱ እያገዘ፣ ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ይፈጠራል። መርዙ በአፈር ላይ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ አፈሩን የምትጭር ዶሮም በእንቁላሏ ወደ ገበታችን ትመልሰዋለች። በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ አግቦግብሎሺ በተባለው የማቃጠያ ስፍራ፣ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የእንቁላል ምርመራ ይህንኑ አሳይቷል።

፪ኛ/ በአሲድ ማጠብ። ከኮምፒዩተር ሰሌዳ ወርቅ ለማውጣት የሚደረግ ነው፤ ወርቁ ጥቂት፣ የሚደፋው አሲድ ግን ብዙ ነው። የሰበታ ውሃ ወደ አዋሽ፣ የሱሉልታ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በቡራዩ አጠገብም አዲስ አበባ የምትጠጣው የገፈርሳ ግድብ አለ። ስለዚህ በአንድ ጓሮ የተደፋው የአንድ ጓሮ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

፫ኛ/ በእጅ መፍታት። በመፍቻና በጉጠት ያለ እሳት ስለሚሠራ ጉዳቱ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ በአቃቂ ቃሊቲ በተቋቋመው የመፍቻ ተቋምም ይኸው አሠራር ተሠርቶበታል። ሆኖም የአሮጌው ቴሌቪዥን መስተዋት እርሳስ የተባለውን ብረት ስለያዘ መሰበር የለበትም።

፬ኛ/ ጭስ ማጣሪያ ባለው ትልቅ ማቅለጫ ማቅለጥ። በቤልጅግ አገር በሆቦከን እንዲህ ያለ ፋብሪካ አለ። እርሱም ቢሆን ከጉዳት ነጻ አይደለም፤ በአጠገቡ የሚኖሩ ሕፃናት ደም ስለ እርሳሱ በየጊዜው ይመረመራል። ፋብሪካ እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያሻው ከሆነ የሠፈር እሳት ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

ከነዚህ ሁሉ የሚሻለው፣ ዕቃውን በቅድሚያ መጠገን፣ የማይጠገነውን እዚሁ በእጅ መፍታት፣ ሰሌዳውን ግን ማጣሪያ ላለው ፋብሪካ መላክ ነው። በዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 62 ሚሊዮን ቶን ያህል የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በደንብ ተመዝግቦ የተሠራበት ከሩብ ያነሰ ነው። በአገራችንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ስለዚሁ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 አውጥቷል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ይህን ሁሉ የምንጽፈው በተለይ ስለ እርሳስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በደም ውስጥ የማይጎዳ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ያስታውቃል። እርሳስ የሕፃኑን አእምሮ ያዳክማል፤ የጠፋውም ችሎታ አይመለስም። ስንፍና የሚመስለን የአንዳንድ ልጅ ድካም ከአባቱ የሥራ ልብስ በመጣ አቧራ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሚከተለውን ለተማሪዎችና ለጎረቤት እንድታስተምሩ እናሳስባለን።

ሀ/ ሽቦ አይቃጠል፤ በቢላዋ ይላጥ።
ለ/ የመኪና ባትሪ በቤት አይከፈት፤ አሲዱም አይደፋ።
ሐ/ ሕፃናት በመፍቻ ስፍራ አይጫወቱ።
መ/ ሠራተኛው ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱን ለውጦ ወደ ቤቱ ይግባ።

የአሮጌ ዕቃ ዋጋ በገበያ ይታወቃል፤ የልጅ አእምሮ ግን ከተጎዳ በኋላ በምንም ዋጋ አይገዛም።