ጓሳ ከልጆች ጋር፦ ምግቡ ተከፍሎበታል፣ ልጆቹ ምን ይብሉ?

ለመንዝ ጓሳ የቡድን ጉዞ ምግቡን ጨምራችሁ ልትከፍሉ ነው? እንደ ሥነ ምግብ ባለሙያ አንድ ምክር አለኝ፦ መጀመሪያ ለልጆች ምን እንደሚቀርብ ጠይቁ። ፓስታ፣ ዳቦና ለስላሳ ብቻ ከሆነ፣ አስቤዛው ሳይገዛ እንቁላልና አትክልት አስጨምሩ።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ያልፋል። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽንብራ ቶሎ አይበስልም፤ የምስር ክክ ይሻላል። ከፍታው የልጆችን የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል። «ተከፍሎበታል፣ ጨርስ!» እያላችሁ አታስጨንቋቸው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው። በብርድ ጥማት ስለማይታወቅ ውሃ አስታውሷቸው።

ለመክሰስ ከብስኩት ይልቅ የአገሩን ገብስ እመርጣለሁ። በሶውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡት (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንዳትጨምሩ!)። ቆሎ ግን ትንንሾቹን ሊያንቅ ይችላል፣ በተለይ መኪናው የጠጠሩን መንገድ ሲይዝ። ሻይ ከምግብ ጋር አትስጡ፤ የምስሩ አይረን በደንብ እንዳይዋሐድ ያደርጋል። ብርቱካን ግን ያግዘዋል።

የተረፈውን እዚያ ለሚኖሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች መወርወር የለም፤ እነሱ ሣራቸውን ይግጡ።