መጋዙ ሳይነቀል አይነካም

በእንጨት ሥራ ወርክሾፔ ካሉት ማሽኖች ሁሉ አብልጬ የምፈራውም የምንከባከበውም የጠረጴዛ መጋዙን ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምላጭ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ የጥርሱ ጫፍ በሰዓት ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል። ለእንዲህ ያለ ማሽን ጥንቃቄው የሚጀምረው ገና ቆሞ ሳለ ነው።

ቆሻሻ ጣት ያስቆርጣል ስል ማጋነን የሚመስለው ይኖራል። የጥድ ሙጫና የቺፕውድ ማጣበቂያ በጥርሶቹ ጎን ላይ ይጋገራል። ያኔ ምላጩ እንጨቱን እየፈተገ ይግላል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። ሠራተኛው በኃይል መግፋት ይጀምራል። በኃይል የሚገፋ እጅ ሲያመልጠው የሚሄደው ወደ ምላጩ ነው። ደንዝዟል፣ ይሞረድ ተብሎ የሚላከው ምላጭም ብዙ ጊዜ ቆሽሾ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት መብራቱ ይቆረጣል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች “ጋሼ፣ ጠፍቷል እኮ” ሲሉኝ፣ መልሴ ሁልጊዜ “ነቅለኸዋል ወይ?” ነው። ሶኬት የሌለው ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሳጥኑ ይቆለፋል፣ ቁልፉም የሚያጸዳው ሰው ኪስ ይገባል። በተለይ መብራት በሄደበት ሰዓት ማጽዳት ለኛ የተለመደ ስለሆነ ይህ ጉዳይ ያሳስበኛል። ተራ ማብሪያ ያለው ማሽን እንደበራ መብራት ከሄደበት፣ ሲመለስ በራሱ ይነሣል። እጅ ደግሞ ያን ጊዜ ምላጩ ላይ ነው። ኮንታክተር የተገጠመለት ማሽን ግን ማብሪያው እንደገና ካልተጫነ አይነሣም። ኮንታክተር የሌለው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ያስገጥም።

ምላጩን ስፈታ ወፍራም ጓንት አደርጋለሁ። ማሽኑ ሲሠራ ግን ጓንት ክልክል ነው፤ ጥርሱ ጨርቁን ከያዘ እጅን ይዞ ይገባል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ዳዶው የሚፈታው ምላጩ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። የወጣውን ምላጭ በሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ለብ ባለ ውኃና በዱቄት ሳሙና እዘፈዝፈዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ውኃው ቡናማ ይሆናል፤ ሙጫው መልቀቁ ነው። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥርስ በጥርስ እፈትጋለሁ። በቢላዋ መፋቅ፣ በእሳት ማሞቅ፣ ካስቲክ ሶዳ መጠቀም አይገባም። ጫፉ ላይ የተበየደው ካርባይድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነውና ሲሚንቶ ላይም አይጣልም። ሲጸዳ የማይታየው ይታያል፦ የወለቀ ጥርስ፣ ስንጥቅ። ስንጥቅ ያየሁበትን ምላጭ መልሼ አልገጥምም። ደህናውን ወዲያው አደርቅና ቀጭን ዘይት አስነካዋለሁ።

ሰጋቱራውን ከማሽኑ ሆድ በብሩሽ ወይም በመምጠጫ ነው የማወጣው። በኮምፕሬሰር መንፋት ይቀላል፤ ግን አቧራውን ከማሽኑ አውጥቶ ሳንባችን ውስጥ ይከተዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ጭምብል ግድ ነው። የሞተሩ መተንፈሻ በሰጋቱራ ከታፈነም ሞተሩ ይግላል፤ እሳትም ይነሣል። ቺንጋውንና ኩሽኔታውንም የማየው በዚሁ አጋጣሚ ነው።

የጠረጴዛው ብረት ከዛገ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ሰም እቀባዋለሁ፤ እንጨቱ ያለ ትግል እንዲንሸራተት። ሲሊኮን ያለበት ቅባት ግን እንጨቱ ላይ ቀርቶ ቫርኒሽ እንዳይዝ ያደርጋል።

ስገጥም ምላጩን የሚይዙትን ቀለበቶች እጠርጋለሁ፤ ትንሽ ቆሻሻ እንኳ ምላጩን ያወላግደዋል። ላይኛዎቹ ጥርሶች ወደ ሠራተኛው ማየት አለባቸው። ከዚያ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ እንጨቱ ተደግፎ ከሚሄድበት መሪ ያለውን ርቀት ከፊት እለካለሁ፤ ምላጩን በእጄ አዙሬ ያንኑ ጥርስ ከኋላም እለካለሁ። ከኋላ ከጠበበ እንጨቱ ይጣበቅና ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ከምላጩ ጀርባ የምትቆመው ቀጭን ብረት የተሰነጠቀው እንጨት ምላጩን እንዳይጨብጠው ትከላከላለች። እሷና መከለያው ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ ማሽኑ አይነሣም።

ይህን ሁሉ ሠራተኛ አያውቀውም ማለት አይደለም። በቁራጭ የሚከፈለው ልጅ ሲያጸዳ የዋለበት ሰዓት ከኪሱ ስለሚጎድል ይዘለዋል። የወርክሾፕ ባለቤቶች፣ የጽዳቱን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ክፈሉት። ምላጭ ከገበያ ይገዛል፤ የልጁን ጣት የሚሸጥልን የለም።