ያረጀውን የጓሮ መታጠቢያ ቤት ስለ ማደስ

ከአሶሳ ከተማ በስተ ሰሜን በምትገኘው በሆሞሻ ቤት የሚያረጀው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ጣራው ገና ደኅና ሆኖ ሳለ ምስጥ የምሰሶውን እግር በልቶ ይጨርሰዋል፤ የሽመሉም ግድግዳ በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ይህ ጥፋት ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የሚደርሰው በጓሮ በተሠራው በመጸዳጃውና በገላ መታጠቢያው ቤት ላይ ነው፤ በዚያ መሬቱ ዘወትር እርጥብ ነውና።

ስለ ጣራ ማፍሰስና ስለ ልስን መሰንጠቅ የሚጨነቅ አባወራ ከጉድጓዱ በላይ ስለ ተረበረበው ግንድ ብዙ ጊዜ አያስብም። ግንዱ አፈር ተደልድሎበት የተሸፈነ ስለ ሆነ ጥንካሬው በዓይን አይታይም፤ ምስጥም ብርሃን የሚሸሽ ፍጥረት በመሆኑ ከውስጥ ሲበላ ቆይቶ ቅርፊቱን ብቻ ይተዋል። በክረምት ሌሊት ተነሥቶ ወደ ጓሮ የሚወጣ ልጅ የሚረግጠው ይህንኑ ቅርፊት ነው። ስለዚህ እድሳቱ ከግድግዳው ቀለም ሳይሆን ከወለሉ መጀመር አለበት እንላለን። ለመመርመርም ከደጅ ቆሞ ግንዱን በብረት ዘንግ መውጋት ይበቃል። ዘንጉ በቀላሉ ከገባ ያ ቤት ከዚያች ቀን ጀምሮ ይዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። የወደቀ ዕቃ ለማውጣት ወይም ጉድጓዱን ለመጥረግ ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይውረድ። በአሮጌ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው መርዛም አየር ሰውን በጥቂት እስትንፋስ ያዝለፈልፋል፤ እርሱን ለማዳን ተከትሎ የሚወርደውም እንደዚያው ይሆናል። ሽታው መጥፋቱም መተማመኛ አይሆንም፤ አየሩ ሲበረታ የማሽተትን ኃይል ራሱን ያደነዝዛልና።

አዲሱ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ከውኃው በታች በኩል ይቆፈር። ከመሬት በታች ያለው ውኃ በክረምት ከፍ ስለሚል በበጋ የተለካ ጥልቀት ያታልላል። በጉድጓዱ መጨረሻና በክረምቱ ውኃ መካከል 2 ሜትር ያህል ደረቅ መሬት ሊቀር ይገባል።

በግንዱ ምትክ የሚደረገው የሲሚንቶ ክዳን ብዙዎች እንደሚፈሩት ውድ አይደለም። ርዝመቱና ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲሜትር የሆነ ክዳን ለመሥራት አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር ይቀላቀላል፤ ባለ 8 ሚሊሜትር ፌሮ ብረትም በየ15 ሳንቲሜትሩ በቁመትና በአግድም ይታሰራል። ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። ሲሚንቶ በመድረቅ ብቻ አይጠነክርም፤ ውኃ እየጠጣ ነው የሚጠነክር። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ 7 ቀን ሙሉ ውኃ ይጠጣ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ጉድጓድ ላይ የተጫነ ክዳን፣ ግንበኛው የፈለገውን ያህል ቢምል፣ እኛ አንቆምበትም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የመቀመጫው ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ የታየው ነጭ መቀመጫ ከነውኃ ማጠራቀሚያው ብዙዎችን ያስጎመጃል። ነገር ግን እንዲህ ያለው አሮጌ ዓይነት ዕቃ በአንድ ጊዜ 9 ሊትር ያህል ያፈስሳል፤ አንዲት ልጅ ተሸክማ ያመጣችው የ20 ሊትር ጀሪካን በሁለት ጊዜ ያልቃል ማለት ነው። ሲፎን ያለው ቱርክሲት ግን በእጅ በሚፈስስ 2 ሊትር ይጸዳል፤ ያው ጀሪካን ለዐሥር ጊዜ ይሆናል። ሽታን የሚከለክለው በታጠፈው ቧንቧ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውኃ እንጂ የዕቃው ውበት አይደለም። ይህን የታጠፈ ቧንቧ በ1775 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የሰዓት ሠሪ ነበር።

ውኃ ጭራሹን ለማይገኝበት ቤት በ1970ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በዚምባብዌ የተገኘው ዘዴ ይሻላል። ከጉድጓዱ የሚነሣ የአየር ቧንቧ ከጣራው 50 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ ጫፉም በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። ነፋስ ከላይ ሲያልፍ ሽታውን ይስባል፤ ዝንብም ወደ ብርሃን ስለሚበር በቧንቧው ወጥቶ ወንፊቱ ሥር ይሞታል። ለዚህም ክፍሉ ውስጡ ጨለም ያለ መሆን አለበት፤ ትልቅ መስኮት የከፈተበት ሰው ዘዴውን አፈረሰው። ዓይንን የሚያሳውረው የትራኮማ በሽታ በዝንብ ጭምር ስለሚተላለፍ ይህ ነገር ቀላል አይደለም።

የገላ መታጠቢያው ውኃ ከመጸዳጃው ጉድጓድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ ግድግዳውን እያራሰ ይንደዋል። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል አዘቅዝቆ ይለሰን፤ ውኃውም በቦይ ወጥቶ በድንጋይ ወደ ተሞላ ማስረጊያ ወይም ወደ ሙዝ ሥር ይሂድ። ግድግዳው ከሽመል መሠራቱን አንነቅፍም፤ በአገሩ የሚበቅል፣ ቀላልና አየር የሚያስገባ ነውና። ብቻ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ይቁም። ምስጥ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ግንቡን ቢወጣ እንኳ በግልጥ ይታያልና በመጥረጊያ ይፈርሳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በምሰሶው እግር መቀባት ልማድ ቢሆንም ውኃ ጉድጓድ በቀረበበት ቦታ አንመክረውም።

የአገሩ ተወላጆች የበርታ ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች እንደ መሆናቸው በውኃ መንጻት የቆየ ሥርዓታቸው ነው። እኛም ከጎረቤቶቻችን ይህን ልማድ ወስደን ውኃ የተሞላ ማንቆርቆሪያና ሳሙና ከደጁ እንዳይጠፋ ብናደርግ የእድሳቱ ግማሽ ተፈጸመ ማለት ነው። ለአያቶቻችን ደግሞ የሚይዙት ጠንካራ እንጨት በግድግዳው ላይ ይመታ፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው በጨለማ ተንበርክኮ መነሣት አይችልም።

የተዘጋው አሮጌ ጉድጓድ በአፈር ተሞልቶ ይደልደል። ከዓመት ዓመት መስመጡ ስለማይቀር ቤት አይሠራበት፤ የአሶሳ ምድር በማንጎ የታወቀ ነውና አንድ ችግኝ ቢተከልበት ይበቅላል።