በውኃ የሰጠመን ሰው መታደግ፦ ከውኃው ዳር እስከ ጤና ጣቢያው

መግቢያ

በአዲስ አበባ የውኃ መስጠም አደጋ ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የመዋኛ ገንዳ ነው። ይሁን እንጂ በክረምት ወራት አደጋው በሌላ ሥፍራም ያደባል። እንደ አየር ጤና ባሉ የከተማዋ ምዕራባዊ አካባቢዎች ለግንባታ ወይም ለድንጋይ ማውጫ የተቆፈረ ጉድጓድ ሳይከደንና ሳይታጠር ከቀረ ዝናብ ይሞላዋል፤ ድፍርስ ውኃውም ጥልቀቱን ከሕፃናት ዓይን ይሰውራል። በገንዳ ዳር የሠለጠነ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሊኖር ይችላል፤ በጉድጓድ ዳር ግን ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት፣ የቀን ሠራተኛ ወይም በአጋጣሚ የሚያልፍ የጤና ባለሙያ ነው። ስለዚህ የነፍስ አድን ሠራተኛ የሚማረውን ሙያ የጤና ባለሙያው ማወቅ ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡም ማስተማር ይኖርበታል።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም አንድ አራተኛ ገደማ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከ10 ሟቾች ከ9 በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደረሰው የሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉ፣ ባሕር በሌለው አገርም ውኃ ምን ያህል ሕይወት ሊቀጥፍ እንደሚችል ያሳያል።

በሰውነት ውስጥ የሚከሰተው ለውጥ

በ2002 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች መስጠምን በፈሳሽ ውስጥ በመጥለቅ ወይም በመዘፈቅ ምክንያት የሚደርስ የአተነፋፈስ መታወክ ሲሉ ተርጉመውታል። «ደረቅ መስጠም» እና «እርጥብ መስጠም» የሚሉት አጠራሮችም እንዲቀሩ ተስማምተዋል። ወደ ሳንባ የሚገባው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሆኖም የአየር ከረጢቶችን ከመኮማተር የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ስለሚያጥብ የኦክስጂን ዝውውር ይሰናከላል። ልብ የሚቆመው ከዚህ የኦክስጂን እጥረት በኋላ ነው። በመሆኑም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው አየር ነው።

በውኃው ዳር

1. ረጂው ራሱን ይጠብቅ። ዋና የማይችል ወይም ያልሠለጠነ ሰው ወደ ውኃው መዝለል የለበትም፤ ረጅም እንጨት ወይም ገመድ ይዘርጋ፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ይወርውር።

2. ሌላ ሰው ወዲያውኑ ወደ 907 ወይም 939 ይደውል።

3. ተጎጂውን በጀርባው አስተኝቶ የአየር መተላለፊያውን መክፈትና እስትንፋሱን መመልከት ያስፈልጋል። የማይተነፍስ ከሆነ ደረትን ከመጫን በፊት ትንፋሽ ይሰጠው። የአውሮፓ መመሪያ 5፣ የአሜሪካው ደግሞ 2 የመጀመሪያ ትንፋሾችን ያዛሉ፤ በትንፋሽ መጀመር እንደሚገባ ግን ሁለቱም ይስማማሉ።

4. የሕይወት ምልክት ከሌለ ለአዋቂ 30 ጊዜ ደረትን መጫንና 2 ትንፋሽ መስጠት ይቀጥላል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን።

5. መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ ማስተኛት፣ እርጥብ ልብሱን ማውለቅና በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ማሞቅ ይገባል።

መወገድ ያለባቸው ልማዶች

ውኃው እንዲወጣ በሚል ተጎጂውን ቁልቁል ማንጠልጠል ወይም ሆዱን መጫን የተለመደ ነው። ይህ ከሳንባ ውኃ አያወጣም፤ የሆድ ዕቃን አስመልሶ ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል፤ ውድ ደቂቃዎችንም ያባክናል። ከአፍ የሚወጣውን አረፋ ደጋግሞ በመጥረግም ጊዜ አይጥፋ። ትንፋሽ ሳይሰጡ በታክሲ ጭኖ መሮጥም እንዲሁ ጎጂ ነው። የአንገት አጥንት ጉዳት ብዙም የማያጋጥም በመሆኑ፣ ከከፍታ የመውደቅ ወይም በጭንቅላት የመጥለቅ ታሪክ ከሌለ አንገትን ለመደገፍ ሲባል ትንፋሽ መስጠት አይዘግይ።

በጤና ጣቢያ

ለሚያስልና ለሚቸገር ተጎጂ ኦክስጂን ሳይዘገይ ይሰጥ፤ የማይተነፍሰው በአምቡ ባግ ይታገዝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጤናማ ነዋሪ የኦክስጂን ሙሌት በጥቂቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሙሌቱ ከአተነፋፈስ ፍጥነትና ከሳንባ ድምፅ ጋር ተገናዝቦ ይተርጎም። አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ ለመከላከል ተብሎ መስጠት አይመከርም። ምልክት የሌለው ሕፃን እንኳ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ክትትል ሳይደረግለት ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም፤ የሳንባ ጉዳቱ ዘግይቶ ሊገለጥ ይችላልና። ትንፋሹ የከበደውን ወይም ንቃቱ የተዛባውን በኦክስጂን ታግዞ ወደ ሆስፒታል ማስተላለፍ ያስፈልጋል። ለአየር ጤና ነዋሪ በጅማ መንገድ አቅጣጫ ያለው አለርት ሆስፒታል ቅርብ ነው።

ማጠቃለያ

አምቡላንስ እስኪደርስ የሚያልፉት ደቂቃዎች በአብዛኛው የተጎጂውን ዕጣ ይወስናሉ፤ እነዚያ ደቂቃዎች ደግሞ በጎረቤት እጅ ያሉ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከክረምት መግቢያ በፊት ትንፋሽ የመስጠትን ዘዴ በየመንደሩ ቢያሳዩ፣ ክፍት ጉድጓዶችንም ለወረዳው ቢያሳውቁ፣ በርካታ ሕፃናትን ከሞት መታደግ ይቻላል።