ኮንሶ፦ በእርከን የታጠቀ ምድር

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው ኮንሶ ሲደርስ ተራራው ከሥር እስከ አናቱ በድንጋይ ተካብቶ ያገኘዋል። ዝናብ በሚያጥርበት በዚህ ምድር ሕዝቡ አፈሩ እንዳይታጠብ፣ ውሃውም እንዳያመልጥ ከ400 ዓመት በላይ እርከን ሲሠራ ኖሯል። አንዳንዱ ካብ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ያውም ያለ ሲሚንቶ! ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እርከኑን ከመኪና መስኮት አይቶ መመለስ ግን ኮንሶን አለማየት ነው። በድንጋይ ወደታጠሩት መንደሮች መግባት ያሻል። እዚያ ሞራ የሚባለው የጋራ ቤት አለ፤ ወጣቶች መንደሩን ለመጠበቅ ያድሩበታል፣ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል። በአደባባዩ የቆሙት የትውልድ ምሰሶዎች አንዱ ትውልድ ኃላፊነቱን ለተተኪው ባስረከበ ቁጥር የተተከሉ ናቸው፤ ስለዚህም እነሱን የቆጠረ የመንደሩን ዕድሜ ይገምታል።

ዋካ ደግሞ ለሟች ጀግኖችና ለተከበሩ ሰዎች የሚቀረጽ የእንጨት ሐውልት ነው። ጀግናው መሃል ይቆማል፤ በዙሪያው ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አራዊት ይደረደራሉ።

የሚያሳዝነው፣ ብዙ ዋካዎች ከመቃብር ላይ ተሰርቀው ተሽጠዋል። ከሌቦች እጅ ከተረፉት አንዳንዶቹ በካራት ከተማ ሙዚየም ተጠብቀዋል። ተጓዥ ሆይ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዘህ ግባ፤ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ፤ አሮጌ ዋካ ለሽያጭ ቢያቀርቡልህም አትግዛ።