እውነት ወይስ ተረት? «ለእውነት የሞተ ገጸ ባሕርይ ጀግና ነው»

የአልበር ካሙ «ባይተዋሩ» በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል አብሮ ይነሣል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ መርሶ ለእውነት ሲል የሞተ ጀግና ነው ይባላል። አባባሉ ከሜዳ አልመጣም። ካሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1955 በጻፈው መቅድም መርሶን ለእውነት መሞትን የተቀበለ ሰው አድርጎ ገልጾታል። ነገር ግን እዚያው ላይ የጀግንነት አኳኋን እንደሌለው አክሏል። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይህ ቀርቶ ያኛው ብቻ ተረፈ።

ደግሞስ መርሶ መቼ ሞተ? እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመው ልቦለድ የሚያልቀው ሰው ገድሎ ሞት የተፈረደበት መርሶ ገና በእስር ክፍሉ እያለ ነው። አንገቱ ሲቀላ አናይም፤ የይግባኙንም ውጤት አንሰማም።

ተረት፦ መርሶ አይዋሽም።

እውነት፦ ስለ ራሱ ስሜት አይዋሽም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ጠበቃው እናቱ በተቀበሩበት ዕለት ኀዘኑን ዋጥ አድርጎ እንደነበር መናገር ይችል እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ነገሩ ሐሰት ስለሆነ እምቢ ይላል። መርማሪው ዳኛ በግድያው ይጸጸት እንደሆነ ሲጠይቀው ደግሞ ከጸጸት ይልቅ መሰላቸት እንደሚሰማው ይመልሳል። አንዲት ቃል ቢያለሳልስ ነፍሱን ሊያተርፍ በሚችልበት ቦታ አያለሳልስም። «እውነት ተናግሮ እመሸበት ማደር» እያለ ያደገ አንባቢ እንዲህ ያለውን ሰው ቢወድደው አይፈረድበትም፤ እኔም በእነዚህ ገጾች እወድደዋለሁ።

ይሁንና ዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት ያደረገውን መለስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ጎረቤቱ ሬይሞን ውሽማውን ሊበቀል ቆርጧል። አታልሎ የሚያስመጣት ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ደብዳቤውን የሚጽፍለት መርሶ ነው። ሴትዮዋ ትመጣለች። ሬይሞን ሲደበድባት ጩኸቷ ጎረቤቱን ሁሉ ደጅ ያወጣል። የመርሶ ፍቅረኛ ማሪ ፖሊስ እንዲጠራ ትለምነዋለች፤ ፖሊስ እንደማይወድ ይነግራታል። ከዚያም የባሰ ነገር ይመጣል፤ ጣቢያ ሄዶ ጥፋቱ የተደበደበችው ሴት እንደሆነ ለሬይሞን ይመሰክርለታል። ቃሉን ማንም አላጣራም፤ ሬይሞንም በማስጠንቀቂያ ብቻ ተለቀቀ። መርሶ በዓይኑ ስላላየው ጥፋት ነው የመሰከረው። ለገዛ ስሜቱ ሲሆን ጸጉር ሰንጥቆ የሚናገር ሰው፣ በተደበደበች ሴት ላይ ቃሉን እንደ ውለታ ሰጠ። ስለ ጀግንነቱ የሚነገረው ሁሉ ይህችን ሴት ዘልሎ የሚያልፍ ነው፤ እኔ ልዘልላት አልችልም።

ባሕሩ ዳርቻ ላይ በመርሶ ጥይት የወደቀው ሰውዬም አለ። መርሶ አንድ ጊዜ ተኩሶ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ በወደቀው ሰው ላይ አራት ጊዜ ደገመ። መርማሪው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥይት መካከል ለምን እንደቆየ ሲጠይቀው፣ ያ እውነተኛ ሰው የሚመልሰው የለውም። ሟቹ በመጽሐፉ ሙሉ «ዐረቡ» ነው፤ ስም አልተሰጠውም። ለዚህ ሰው ሙሳ የሚል ስም ያወጣለት አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ልቦለድ የሟቹን ወንድም ተራኪ አድርጎ የቤተሰቡን ኀዘን አስነገረ።

በእርግጥ ካሙ የከሰሰው ፍርድ ቤቱን ነው። ዐቃቤ ሕጉ የእናት አስከሬን አጠገብ ስለተጠጣ ቡና በወተት፣ በማግስቱ ስለታየ አስቂኝ ፊልም ሲናገር ሟቹ ይረሳል። ክሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ዳኞቹ ግብዞች መሆናቸው ተከሳሹን ጀግና አያደርገውም።

ለእውነት ብሎ መሞት ጀግንነት የሚሆንበት ገጸ ባሕርይ ካስፈለገ ከአርተር ሚለር «ዘ ክሩሲብል» ጆን ፕሮክተርን እጠራለሁ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ለመድረክ የበቃ ሲሆን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1692 በሴለም የተካሄደው የጥንቆላ ክስ ነው። ፕሮክተር ቅዱስ አይደለም፤ በሚስቱ ላይ ሄዷል። ሚስቱን ለማትረፍ ግን ዝሙቱን በችሎት ፊት ተናዝዞ ስሙን ያጠፋል። በመጨረሻም ጠንቋይ ነኝ ብሎ ቢፈርም ከስቅላት እንደሚድን ይነገረዋል። እሺ ይላል። የሌሎችን ስም እንዲጠራ ሲጠየቅ ግን አፉን ይዘጋል፤ ከፈረመ በኋላም ወረቀቱ ለሕዝብ እንደሚለጠፍ ሲያውቅ ሳይዋሹ መሰቀልን የመረጡትን ባልንጀሮቹን አስቦ ይቀድደዋል። የእሱ እውነት ሌላ ሰው ላይ አልተጫነም፤ ለሌላ ሰው ጥላ ሆነ። ከገመዱ በፊት፣ አፉን በዘጋባት ቅጽበት፣ በዓይኔ ጀግና ሆኗል።

(የታሪኩ ጆን ፕሮክተር ስድሳ ዓመት ገደማ የሆነው ገበሬ ነበር፤ የፍቅር ጉዳዩን የጨመረበት ሚለር ነው። ስቅላቱ ግን እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1692።)

ተረት፦ ደራሲው ለጻፈው እውነት ዋጋ ከከፈለ፣ የፈጠረው ገጸ ባሕርይም ጀግና ነው።

እውነት፦ ይህኛው በእኛም ቤት አለ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የደራሲው ዕጣ ከባድ በመሆኑ የመጽሐፉን ተራኪ ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያምንም በዚያው ክብር የማየት ዝንባሌ አለ። ጸጋዬ ግን ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊሠራ አስመራ የወረደ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እጮኛው እየጠበቀችው ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። የምትሞተው ፊያሜታ ናት፤ እሱ ይተርፋል። በዓሉ የዘመቻውን ሰዎች ከነድክመታቸው የሳለው በዚህ ሰው ዓይን ነው፤ ጸጋዬን ሰማዕት አድርጎ የሚያነብ ሰው ደራሲውን ለአደጋ ያጋለጠውን ያንን ድፍረት ሳያየው ያልፋል።