የግሸን ስንቅና የቤት ብስኩት ሒሳብ

መስከረም 21 ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የአክስቴ ቤት ሽታው ይቀየራል። ቤቷ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ውጫሌ ውስጥ ነው። ለዓመታዊው የግሸን ማርያም በዓል የሚጎርፈው ሕዝብ ስንቅ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ዳቦ ቆሎ ትሸጣለች። በዚያ ሳምንት ምጣዱ አይበርድም። አንዷ ሊጥ ታሻለች፣ ሌላዋ ትከትፋለች፣ ሦስተኛዋ ትቆላለች። የኔ ድርሻ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ያው ነበር፤ እየዞሩ መቅመስ!

በ2018 መስከረም ግን ሥራ ተሰጠኝ። ነገሩ የተጀመረው በአክስቴ የልጅ ልጅ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው። የዳቦ ቆሎውን ሰሃን ገፋ አድርጎ "እኔ የሱቁን ነው የምፈልገው፣ ክሬም ያለውን" አለ። ሁላችንም ሳቅን። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ለካ እሷም ስታስበው ከርማለች። መንገደኛው፣ በተለይ ወጣቱ፣ ከዳቦ ቆሎው አጠገብ ያለውን የታሸገ ብስኩት እያነሳ ሲሄድ ታያለች። እቁቧ ደግሞ ሊደርሳት ነው። በዚያ ብር የኤሌክትሪክ ኦቨን ገዝታ ብስኩት መጋገር አስባለች።

"አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሻል አይደል?" አለችኝ። "እስቲ ያዋጣል፣ አያዋጣም ንገሪኝ።"

አራት ዓመት ተምሬ እንዲህ ያለ ከባድ ፈተና ቀርቦልኝ አያውቅም። የእቁብ ብር ቀልድ አይደለም። ስለዚህ "እትዬ፣ መጀመሪያ ያለ ኦቨን እንሞክረው" አልኳት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ጣፋጭ ውድቀት ነበር። የገበታ ቅቤና እንቁላል አድርጌ፣ ኩባያውን በልክ ለክቼ፣ ወርቅ የመሰለ ብስኩት አወጣሁ። ኩራቴ ለጉድ ነው። አክስቴ አንዱን አንስታ ቆረሰችና አሸተተችው። ከዚያ "ቅቤ አለው?" አለች። "አዎ፣ እንቁላልም አለው" አልኩ። "ዘንድሮ 21 ረቡዕ ነው እኮ! ማን ይበላልሻል?"

በቃ። ገበያህን ሳታውቅ አታምርት የሚለውን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተማርኩት። ረቡዕ ጾም ነው። ለግሸን ተሳላሚ ቅቤና እንቁላል ያለው ብስኩት ይዞ መቅረብ፣ በክረምት መነጽር እንደመሸጥ ነው። ከበዓሉ በኋላም ቢሆን መስከረም 26 የጽጌ ጾም ይገባል፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾመው ብዙ ነው። እናም በዘይት ወደሚሠራው ዞርኩ።

እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ልኬቱ ይኸውላችሁ። 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የተፈጨ ስኳር (ሙቀጫም የቡና መፍጫም ይሆናል)፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ ቀረፋ ወይም ሄል እንደ ፍላጎት። ደረቁን ቀላቅላችሁ ዘይቱን በጣታችሁ ፈትጉበት። ከዚያ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አያይዙት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሊጡን እንደ ዳቦ በማሸት ነው። ዱቄትና ውሃ አብረው በታሹ ቁጥር ሊጡ እየተለጠጠ ይሄዳል፤ ለዳቦ ጥሩ ነው፣ ብስኩትን ግን ድንጋይ ያደርገዋል። ዘይቱ ቀድሞ የሚገባውም ዱቄቱን ሸፍኖ ይህን እንዲከላከል ነው። ስለዚህ ሊጡ እጅ ላይ እንደተያያዘ አቁሙ። 20 ደቂቃ አሳርፉት፣ በጠርሙስ ዳምጡት፣ በብርጭቆ አፍ ቁረጡት።

ኦቨን ለሌለው አሮጌ ወፍራም ድስት ይበቃል። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ ወይም ጨው አድርጉ፤ ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ አሙቁት። ሦስት ትናንሽ ጠጠሮች አስቀምጣችሁ ብስኩቱ የተደረደረበትን የብረት ሰሃን ላያቸው ላይ አኑሩና ክደኑት። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ጠርዙ ቡናማ ሲል አውጡት። ትኩሱን ስትነኩት ለስላሳ ሆኖ "አልበሰለም" ብላችሁ እንዳትመልሱት፤ የሚደርቀው ሲቀዘቅዝ ነው። እኔ መልሼ ከሰል አድርጌዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዩቲዩብ የምናገኘው ልኬት ብዙ ጊዜ ለቆላ አገር የተሠራ ነው። እንደ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ከሚፈለገው በላይ ያብጣል። ኬኩ ተነስቶ ተነስቶ መሐሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ደጋ ላይ ያላችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ደግሞ ትንሽ ጨመር አድርጉ።

ክሬሙስ? ሦስት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ስኳር ጋር መትቼ በሁለት ብስኩት መሐል አደረግኩት። የልጁ ፍርድ አጭር ነበር። "ሌላ አለ?" አለ።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። ብስኩቱ ተሠራ፤ ያዋጣል ወይ?

የሱቅ ብስኩት ስንገዛ የምንከፍለው ለዱቄትና ለስኳር ብቻ አይደለም። ለማሸጊያው፣ ለጭነቱ፣ ለጅምላ ነጋዴው፣ ለባለ ሱቁ ጭምር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ የዶላርን ዋጋ ይከተላል፤ የምግብ ዘይታችን አብዛኛው ደግሞ ከውጭ ነው። አንዳንዴ የፓኬቱ ዋጋ ሳይጨምር ግራሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከዋጋው በፊት በደቃቁ የተጻፈውን ክብደት እዩ። በተራራው ላይ ደግሞ ሌላ ወጪ አለ። ግሸን አምባ በገደል የተከበበች፣ የመስቀል ቅርጽ ያላት ናት፤ ጥንት የነገሥታቱ ልጆች እንዳያምፁ ይጠበቁባት የነበረችው መውጫ መግቢያዋ ጠባብ ስለሆነ ነው። ዕቃው አቀበቱን ሲወጣ ዋጋውም አብሮት ይወጣል።

በዚህ ሒሳብ የኛ ብስኩት በኪሎ ሲታሰብ ከሱቁ ረከሰ። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ከሰል ደምሬ ለአክስቴ ስነግራት ፊቷ በራ። እቁቡ ወደ ኦቨን ሊሄድ ሆነ።

ነገር ግን ሁለት ነገር ረስቼ ነበር። አንደኛውን ያስታወሰኝ ማዳበሪያው ነው። ለሙከራ አንድ ኪሎ ያህል ብስኩት በፌስታል ጠቅልዬ ግሸን ለሚሄዱ ጎረቤቶቻችን ሰጠሁ። አቀበቱ ላይ በማዳበሪያ ውስጥ ከውሃ ኮዳ ጋር ሲጋጭ ውሎ ዱቄት ሆኖ ደረሰ። "በሶ መስሎን በጠበጥነው" ብለው ቀለዱብኝ። የፋብሪካው ብስኩት ሰልፍ ይዞ የሚታሸገው ለካ ለውበት ብቻ አይደለም። ዳቦ ቆሎ ግን ይጋጭ፣ ይረገጥ፣ ሳምንት ይቆይ፣ ምንም አይሆንም። አያቶቻችን ለመንገድ የመረጡት በአጋጣሚ አልነበረም።

ሁለተኛው የአክስቴ ጉልበት ነው። በድስት አንድ ጊዜ የሚወጣው ከአሥራ ሁለት ብስኩት አይበልጥም። አንድ ኪሎ ለማውጣት ግማሽ ቀን ቆማ ትውላለች። በዚያው ጊዜ ስንት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ትቆላ ነበር? ትምህርት ቤት ይህን የአማራጭ ዋጋ ይሉታል። "እትዬ፣ የጉልበትሽን ስንት ብዬ ልጻፍ?" ስላት ዝም አለች። ቆይታ "እሱንም ይጽፉታል እንዴ?" አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስንት እናቶች "አተረፍኩ" የሚሉት የራሳቸውን ድካም በዜሮ ሒሳብ ጽፈው ነው? ኦቨኑ ጊዜውን ያሳጥርላት ነበር፤ እውነት ነው። ግን መብራት የሚጠፋበትን ቀን፣ ብስኩቱ ከበዓል ሳምንት ውጪ ማን እንደሚገዛው፣ ማሸጊያው ከየት እንደሚመጣ ስንደምረው እቁቡን የሚያስቆርጥ ሒሳብ አልሆነም።

ስለዚህ ተስማማን። ለሽያጭ ዳቦ ቆሎው ይቀጥላል፤ ግን ለወጣቱ አዲስ ዓይነት ተጨመረበት። ለ4 ኩባያ ዱቄት ግማሽ ኩባያ ስኳር ከአንድ ኩባያ ባነሰ ውሃ ይሟሟል፣ ሲሶ ኩባያ ዘይትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል፣ በላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ቀረፋ። እንደ ጣት ተድቦልቡሎ፣ ሽምብራ አክሎ ተከትፎ፣ በቀዝቃዛ እሳት እየተማሰለ ይቆላል። በትናንሽ ከረጢት ታስሮ ከተለመደው ጎን ተቀመጠ። የ21 ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የቀረፋው ቀድሞ አለቀ።

ክሬም ያለው ብስኩት ደግሞ የቤት ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ራሱ በብርጭቆ አፍ ይቆርጣል፤ የሱቁንም ረስቶታል ማለት ይቻላል። እቁቡ ለአክስቴ ደርሷት የቆርቆሮ ጣሪያዋን አደሰችበት። ሒሳብ መያዣ ደብተርም ገዝታለች። ባለፈው ስሄድ ገልጬ አየሁት፤ ከዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከከሰል ቀጥሎ አምስተኛ መስመር ተሰምሮበታል። "የእኔ" ይላል። አጠገቡ ብር ተጽፎበታል።